ዕቃው ላይ ዋጋ ሲለጠፍ፦ የዲያብሎ 3 ሐራጅ ቤት እና የሉት ጌሞች

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ጥያቄ ነው። ጌም ውስጥ ያለ ዕቃ በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥና መገዛት ሲጀምር ጌሙ ምን ይሆናል? ነገሩ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። የፐብጂ አካውንት በቴሌግራም ለሽያጭ ሲቀርብ አይታችኋል። ዩሲ፣ ማለትም የፐብጂን የውስጥ ገንዘብ፣ ለማስሞላት በቴሌብር ብር የላካችሁም አትጠፉም። እኔ ግን ዛሬ ከፐብጂ ራቅ ብዬ ወደ ሌላ የጌም ዓይነት እወስዳችኋለሁ። ጉዳቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የማወራው ስለ ሉት ጌም ነው። ጭራቅ ትገድላላችሁ፣ ዕቃ ይወድቃል። ዕቃውን ታጠልቃላችሁ፣ ጉልበታችሁ ይጨምራል። ከዚያ ጠንከር ያለ ጭራቅ ጋ ትሄዳላችሁ፣ የተሻለ ዕቃ ይወድቃል። ከውጭ ለሚያይ ሰው አሰልቺ ነው። የሚጫወተው ሰው ግን ሌሊቱ መቼ እንደነጋ አይታወቀውም። ምክንያቱም ምን እንደሚወድቅ አያውቅም። ስንት ጊዜ የማይረባ ሰይፍ ሲወድቅ ቆይቶ በሆነ ሰዓት መሬት ላይ ለየት ያለ ቀለም ብልጭ ይላል። ልብ ድንግጥ የምትለው ያኔ ነው። ታሪኩም፣ ግራፊክሱም፣ ሙዚቃውም የዚያች ቅጽበት አጃቢዎች ናቸው።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ እውነተኛ ገንዘብ ሉት ጌም ውስጥ ሲገባ የሚያበላሸው ይህችኑ ቅጽበት ነው። ብዙ ሰው «ሀብታሙ ገዝቶ ሌላውን ይበልጣል» ብሎ ያማርራል። እሱም እውነት ነው። ግን ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ምንም ባልገዛና ምንም ባልሸጠ ተጫዋች ላይ ነው። እንዴት እንደሚደርስበት በዲያብሎ 3 አሳያችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ከታላቁ፣ ከዲያብሎ 2 እንጀምር፤ ነገሩ የተፀነሰው እዚያ ነው።

ዲያብሎ 2 የወጣው በጁን 2000 ነው። ብሊዛርድ የሚባል ኩባንያ የሠራው ጌም ነው። ውስጡ ጎልድ የሚባል ገንዘብ አለ፤ ግን ለንግድ አይሆንም። መያዝ የምትችሉት መጠን በሌቨላችሁ የተገደበ ነው፣ ስትሞቱ ደግሞ ከላዩ ይቆረጣል። ስለዚህ ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ገንዘብ ፈጠሩ። ስቶን ኦፍ ጆርዳን የምትባል ቀለበት መገበያያ ሆነች። ለምን እሷ? ቦርሳ ውስጥ የምትይዘው አንዲት ሳጥን ብቻ ነው። ሁሉም ክህሎት ላይ አንድ ትጨምራለች፤ ስለዚህ የማይፈልጋት ሰው የለም። ጎራዴ በሁለት ቀለበት፣ ጋሻ በአምስት ቀለበት መባል ተጀመረ። ማንም አላዘዛቸውም። ሰው ለመገበያየት ሲፈልግ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት።

ከዚያ ዱፕ መጣ። የሰርቨሩን ቀዳዳ ያገኙ ሰዎች አንዷን ቀለበት ሁለት፣ ሁለቷን አራት ማድረግ ጀመሩ። ገበያው በተባዛ ቀለበት ተጥለቀለቀ። ብሊዛርድ በ2003 በወጣው 1.10 ፓች (የጌሙ ማሻሻያ) ላይ አንድ ብልሃት ዘየደ። ተጫዋቾች ቀለበቶቻቸውን ጌሙ ውስጥ ላለው ነጋዴ ሲሸጡ ሰርቨሩ ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲሞላ «ዲያብሎ በምድር ላይ እየተራመደ ነው» የሚል መልእክት ይወጣና ከተለመደው የከፋ ዲያብሎ ይመጣል። እሱን የገደለ አኒሂለስ የሚባል ብርቅ ዕቃ ያገኛል። እዩት እንግዲህ፦ የዋጋ ንረትን ለመቆጣጠር ገንዘቡን በፈቃደኝነት አስረክበው እንዲያቃጥሉት አደረጋቸው። በጣም የማደንቀው መላ ነው።

በዚያው ጊዜ ዕቃውን በዶላር የሚሸጡ ድረ ገጾች በዙ። ይሄ የዲያብሎ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ኤድዋርድ ካስትሮኖቫ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር በ2001 ኤቨርክዌስት የሚባለውን ጌም ኢኮኖሚ አጥንቶ ነበር። ተጫዋቾች ዕቃቸውንና ገጸ ባሕሪያቸውን ኢቤይ ላይ በስንት እንደሚሸጡ ተመልክቶ ሒሳብ ሠራ። የዚያ ምናባዊ ዓለም የነፍስ ወከፍ ምርት ከ2,200 ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ፤ በጊዜው ከነበረው የሩሲያ ጋር የሚቀራረብ ማለት ነው። ሰዉ ሳቀ። የገባቸው ግን ሥራ ጀመሩ። ቻይና ውስጥ ወጣቶች በፈረቃ ተቀምጠው ጎልድ የሚሰበስቡባቸው ቤቶች ተከፈቱ። ኢቤይ በጃንዋሪ 2007 የምናባዊ ዕቃ ሽያጭን ከለከለ፤ ንግዱ ግን ወደ ሌሎች ድረ ገጾች ሄደ እንጂ አልቆመም።

የጓዳ ገበያ መዘዙ ብዙ ነው። ገንዘብ ልካችሁ ዕቃው ላይመጣ ይችላል። የምትገዙት ሰይፍ ከሌላ ልጅ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። አካውንት መስበር አትራፊ ሥራ ሆነ። ስሞታው የሚደርሰው ደግሞ ለብሊዛርድ ነው። ስለዚህ ብሊዛርድ በኦገስት 2011 አንድ ነገር አስታወቀ፦ ሰው መሸጡና መግዛቱ ካልቀረ ገበያውን እኛው ጌሙ ውስጥ እንክፈተው። ማጭበርበር ይቀራል፣ ተጫዋቹ ይጠበቃል፣ እኛም ኮሚሽን እናገኛለን። በወረቀት ላይ ሲታይ ማን ይቃወመዋል? እኔ ራሴ ይሄን ሐሳብ ስሰማ እንደ ሞኝነት አላየውም። ከመርማሪ አእምሮ የወጣ፣ የታሰበበት መፍትሔ ነበር።

ዲያብሎ 3 ሜይ 15፣ 2012 ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው እጅ ገባ። በጎልድ የሚሠራው ሐራጅ ቤት አብሮ ተከፈተ። በእውነተኛ ገንዘብ የሚሠራው አሜሪካ ላይ በጁን 12 ሥራ ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰይፍ ወይም ቀለበት ከሸጣችሁ ብሊዛርድ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 1 ዶላር ይወስዳል። ጎልድ ወይም ሌላ በጅምላ የሚሸጥ ነገር ከሆነ 15 በመቶ ይቆርጣል። ገንዘቡን በፔይፓል አወጣለሁ ካላችሁ ሌላ 15 በመቶ ይቀነሳል። የአንድ ዕቃ ዋጋ ጣሪያ 250 ዶላር ነበር። ደቡብ ኮሪያ ላይ ግን የጌም ደረጃ አውጪው አካል ነገሩ ከቁማር ጋር ስለነካካበት ጌሙ የወጣው ያለ ዶላሩ ገበያ ነው።

አሁን አንድን ተጫዋች ጠጋ ብለን እንየው። ዊዛርድ፣ ማለትም አስማተኛ፣ ሆኖ ነው የሚጫወተው። ኢንፌርኖ የሚባለው ከባዱ ደረጃ ላይ ደርሷል። ሁለተኛው አክት (ምዕራፍ) ላይ በረሃው ውስጥ ተርብ የሚመስሉ ጭራቆች አሉ፤ ከርቀት ይተፉና በአንድ ምት ይጥሉታል። ደጋግሞ ይሞታል። ስለዚህ የተሻለ ዕቃ ያስፈልገዋል። እንደምንም የጭራቆቹን አለቃ ይገድላል፤ ቢጫ ዕቃ ይወድቃል። ቢጫ ማለት በጊዜው ትልቅ ተስፋ ነበር። አንስቶ ይከፍተዋል። ውስጡ ምን አለ? ስትሬንግዝ፣ ማለትም የክንድ ጉልበት። ዊዛርድ የሚፈልገው ኢንተለጀንስ፣ ማለትም የአእምሮ ጉልበት ነው። ለዚህ ልጅ ቆሻሻ ነው። ቀጣዩም ቆሻሻ። ቀጣዩም።

እና ምን ያደርጋል? ከጦር ሜዳው ይወጣና ሐራጅ ቤቱን ይከፍታል። «ኢንተለጀንስ ይህን ያህል፣ መከላከያ ይህን ያህል» ብሎ መፈለጊያው ላይ ይሞላል። ከሚሊዮን ተጫዋቾች እጅ የወጣ ዕቃ ተደርድሮ ይመጣለታል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሳምንት ፍለጋውን የሚበልጥ ቆብ፣ ጓንትና ጫማ ይገዛል። በጎልድ ካልሆነም በሁለት ዶላር። ተመልሶ ይገባል፣ ተርቦቹን ያረግፋቸዋል። ደስ ይለዋል።

ከዚያስ? ከዚያ በኋላ የሚወድቅለት ዕቃ ሁሉ የሚለካው ከገዛው ጋር ነው። የገዛው ደግሞ የሚሊዮኖች ዕድል ተጠራቅሞ የተመረጠ ነው። የእሱ ብቻውን ዕድል ከዚያ ጋር እንዴት ይወዳደራል? ስለዚህ መሬት ላይ ብልጭ ያለውን ነገር ሲያነሳ የመጀመሪያ ጥያቄው «ይሄ ይሆነኛል?» መሆኑ ይቀርና «ይሄ ስንት ያወጣል?» ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ምንም አያወጣም። እና ጭራቅ መግደል ክፍያው ዝቅተኛ የሆነ የቀን ሥራ መሰለ። ጌሙን ከፍተው ሐራጅ ቤቱ ላይ ብቻ ውለው የሚዘጉ ተጫዋቾች ነበሩ። በርካሽ ይገዛሉ፣ በውድ ይሸጣሉ፣ አንድ ጭራቅ ሳይገድሉ ይወጣሉ።

«እሺ፣ እኔ አልገዛም» ያለው ልጅስ? እሱም አያመልጥም። የሚወድቀውን ዕቃ መጠን የሚወስነው ሠሪው ነው። አንድ ዕቃ በጣም ብርቅ ነው እንበል፤ ከሺህ ተጫዋች ለአንዱ ብቻ በሳምንት አንዴ ይወድቃል። ገበያ ከሌለ ያ ዕቃ ለአንድ ልጅ የዕድሜ ልክ ወሬ ነው። ገበያ ካለና ሚሊዮን ሰው ከተጫወተ ግን በየሳምንቱ አንድ ሺህ ፍሬ ገበያ ላይ ይወጣል። ዕቃው ጌሙ ውስጥ ስለማያረጅ፣ ስለማይሰበር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አንድ ሺህ ይደመርበታል። ዋጋው ይወርዳል፣ ሁሉም ይለብሰዋል። ሠሪው ይህ እንዳይሆን ከፈለገ ብርቅ የሆነውን የባሰ ብርቅ ማድረግ አለበት። ያን ሲያደርግ የሚጎዳው ገበያ የማይሄደው ልጅ ነው። ለእሱ የሚወድቅለት ነገር የተመጠነው ለሚሊዮን ሰው ገበያ ነውና። ከመጀመሪያው «ትልቁ ጉዳት ባልገዛው ላይ ነው» ያልኩት ለዚህ ነው።

ይሄን ስል አንድ ነገር መለየት አለብኝ። ጉዳቱ የመጣው ከዶላር ነው ወይስ ከሐራጅ ቤቱ ምቾት? የዲያብሎ 3 ዳይሬክተር የነበረው ጄይ ዊልሰን በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ሐራጅ ቤቶቹ ጌሙን በእርግጥ እንደጎዱት በግልጽ ተናግሯል። ያኔ ቦታውን ለቆ ነበር። ከሁለቱ የበለጠ ጉዳት ያደረሰውም የጎልዱ እንደሆነ አስረድቷል፤ የሚጠቀመው ሰው ስለሚበዛ። ይሄ ንግግሩ ትልቅ ሐቀኝነት ነው። ችግሩን በዶላር ላይ ብቻ መለጠፍ ቀላል ነበር። ግን ዶላሩና ጎልዱ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ጎልድ በዶላር ስለሚገዛ የጎልዱ ገበያም ዞሮ ዞሮ የዶላር ገበያ ነው። ጎልድ በሽያጭ ገንዘብ ሆኖ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ቦት፣ ማለትም በሰው ፈንታ የሚጫወት ፕሮግራም፣ ማስነሳት ያዋጣል። ሳይተኛ፣ ሳይበላ፣ ቀንና ሌሊት አንድ ዋሻ የሚመላለስ ቦት ያስገባው ጎልድ የናንተን ጎልድ ያረክሰዋል።

ለዚህ የሚሆን አንድ ቀን ልንገራችሁ። በሜይ 2013 1.0.8 የሚባል ፓች ወጣ። ጎልድ በዶላር ሲሸጥ የነበረው በ1 ሚሊዮን እየታሰረ ነበር። ዋጋው በጣም ስለወረደ እስሩ ወደ 10 ሚሊዮን ከፍ ተደረገ። ሐራጅ ቤቱን የሠራው ኮድ ግን ያን ያህል ትልቅ ቁጥር የማይችልበት ቦታ ነበረበት። ሰዎች ብዙ ጎልድ ለሽያጭ ያቀርቡና ይሰርዙታል፤ ሲሰርዙት ካቀረቡት የሚበልጥ ጎልድ ይመለስላቸዋል። በሰዓታት ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠር ጎልድ ተፈጠረ። ብሊዛርድ ሐራጅ ቤቱን ዘጋ። ሰርቨሩን ወደ ኋላ አልመለሰውም፤ ሂሳብ አገላብጦ አጥፊዎቹን አገደ፣ ከእነሱ ሽያጭ የተገኘውንም ለሕፃናት ሆስፒታሎች በጎ አድራጎት እንደሚሰጥ አስታወቀ። በተለመደ ጌም ውስጥ ይሄ ስህተት ቢፈጠር ሰው ይበሳጫል፣ ይስቃል፣ ያልፋል። እዚህ ግን ያ ጎልድ ዶላር ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላም ጉዳት አለ። ዕቃው ንብረት ሲሆን የሠሪው እጅ ይታሰራል። የዶላሩ ገበያ በተከፈተ በሳምንቱ፣ ጁን 19፣ 2012፣ 1.0.3 ፓች ወጣና የማጥቃት ፍጥነት የሚጨምሩ ዕቃዎችን ከመሣሪያ በስተቀር ኃይላቸውን በግማሽ ቀነሰ። ብሊዛርድ ቀድሞ አስጠንቅቋል፤ እንደ ጌም ሠሪ ሲታይም ትክክል ነበር፣ ሁሉም ሰው ሌላውን ትቶ ያንን ብቻ ይፈልግ ነበርና። ግን ያን ጓንት በእውነተኛ ገንዘብ የገዛውን ልጅ አስቡት። ጌም ያለ ማስተካከያ አይኖርም። ንብረት ደግሞ ማስተካከያ አይወድም። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው።

ካውንተር ስትራይክን የምትጫወቱ ይሄን በቅርቡ አይታችሁታል። እዚያ የሚሸጡት የመሣሪያ ቀለሞች ናቸው፤ ለተጫዋቹ ጉልበት አይጨምሩም፤ ስለዚህ ጨዋታውን ራሱን እንደ ዲያብሎ አያበላሹትም። ሆኖም በኦክቶበር 2025 የጌሙ ሠሪ ቫልቭ አንድ ሕግ ለወጠ። አምስት ቀያይ ዕቃዎችን ለውጦ ቢላ ወይም ጓንት ማግኘት ተፈቀደ። እስከዚያ ቢላ ብርቅ ነበር። የቢላዎቹ ዋጋ ተንኮታኮተ፣ ከገበያው ላይ በቢሊዮን ዶላር የሚገመት ዋጋ በአንድ ቀን ገደማ ተነነ። አንዲት የጌም ሕግ ስትቀየር የሰው ቁጠባ ይናጋል። ቢላውን እንደ ባንክ ደብተር ይዘውት የነበሩ ልጆች ነበሩ።

ወደ ዲያብሎ እንመለስ። ሴፕቴምበር 17፣ 2013 ብሊዛርድ ሁለቱንም ሐራጅ ቤቶች እንደሚዘጋ አስታወቀ። ምክንያቱን የተናገረው በአጭሩ ነው፤ ጭራቅ ገድሎ ዕቃ ማግኘት የሚለውን የጌሙን መሠረት እየናደው ነው። ማርች 18፣ 2014 ተዘጋ። ኮሚሽን የሚያስገኝለትን ገበያ በገዛ እጁ የዘጋ ኩባንያ ብዙ አላየሁም። ብሊዛርድን በብዙ ነገር እወቅሳለሁ፤ በዚህ ግን አከብረዋለሁ።

ከመዝጋቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን አብሮት የመጣው ነው። በፌብሯሪ 2014 የወጣው 2.0.1 ፓች የዕቃ አወዳደቁን ከሥሩ ለወጠ። አሁን ዊዛርድ ስትጫወቱ አብዛኛውን ጊዜ የዊዛርድ ዕቃ ይወድቃል። የሚወድቀው ብዛት ቀነሰ፣ ጥራቱ ጨመረ። ሌጀንደሪ የሚባሉት ዕቃዎች ቁጥር ብቻ መጨመራቸውን ትተው የአጨዋወት ስልትን የሚቀይሩ ሆኑ። ምርጥ ዕቃ ያገኘውን ሰው አካውንት ይዞ ይቀራል፤ መስጠት የሚቻለው በዚያው ጨዋታ ውስጥ አብረውት ለነበሩ ጓደኞች፣ ያውም በሁለት ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው። ገበያው ስለሌለ ሠሪው ለጋስ መሆን ቻለ። ገበያ ባለበት ይሄን ልግስና ቢያሳይ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉንም ዕቃ ይዞ ይጨርስ ነበር።

እንግዲህ «ንግድ ይከልከል» ልል የመጣሁ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ሩንስኬፕ የሚባለውን ጌም ታሪክ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ጌሙን የሠራውን፣ ጃጌክስ የሚባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ ጎልድ ነጋዴዎች አስመረሩት። በተሰረቀ ካርድ አባልነት ይገዛሉ፣ ጎልድ ሰብስበው ይሸጣሉ። ኩባንያው በጃንዋሪ 2008 ነፃ ንግድን ከለከለ። ዋጋቸው ያልተመጣጠነ ነገሮችን መለዋወጥ አይቻልም፤ ለጓደኛችሁ በስጦታ መልክ ትልቅ ነገር መስጠት ቀረ። ከዚያ ወር ቀደም ብሎ ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚገዳደሉበት ዱር የሚባለው ቦታም ተነክቶ ነበር። ጎልድ ነጋዴዎቹ ተመቱ። ተጫዋቾቹም አብረው ተመቱ። ጌሙ ውስጥ ሰልፍ ወጡ፣ ብዙዎችም ጥለው ሄዱ። ለሦስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጠ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ይመለስልን አሉ፣ በፌብሯሪ 2011 ተመለሰ። መለዋወጥ ራሱ ሰው የሚወደው ነገር ነው። ለጀማሪ ጓደኛ አሮጌ ጋሻ መስጠት፣ ተከራክሮ በርካሽ መግዛት፣ ይሄ ሁሉ ጌም ነው። ከልክሎ መገላገል አይቻልም።

ሻጩንም ማየት አለብን። በ2017 አካባቢ የቬኔዝዌላ ገንዘብ ሲወድቅ፣ ደሞዝ ወር ሳይሞላ ወረቀት ሲሆን፣ ብዙ ቬኔዝዌላውያን ሩንስኬፕ ውስጥ ገብተው አረንጓዴ ዘንዶ መግደል ጀመሩ። የዘንዶውን አጥንትና ቆዳ ሸጠው ጎልድ ያገኛሉ፣ ጎልዱን በዶላር ይሸጣሉ። በቀን ጥቂት ዶላር ነው። ያ ጥቂት ዶላር ግን በሀገራቸው ከሚያገኙት ደሞዝ ይበልጥ ነበር፤ እንደ ቦሊቫር እጃቸው ላይ አይቀልጥም። ሌሎች ተጫዋቾች ይሄን ሲያውቁ ምን አደረጉ? አንዳንዱ አዘነ። አንዳንዱ ደግሞ ዘንዶዎቹ ጋ እየጠበቀ ቬኔዝዌላውያንን ማደን ያዘ፤ እንዴት እንደሚታደኑ መመሪያ የጻፈም ነበር። ይሄን ሳነብ በጣም ነበር የከፋኝ። ቤተሰቡን ለማብላት ዘንዶ የሚገድልን ሰው «ጌሙን አበላሸብን» ብሎ መጥላት ይከብደኛል። ጎልድ ሻጭ የሚኖረው ገዢ ስላለ ነው። ገዢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ያጠረው፣ ኪሱ ግን ያላጠረ ሰው ነው። ወቀሳ ካለ ከእሱ ይጀምር፤ ከእሱም በፊት ተጫዋቹን እስኪያመው ድረስ አሰልቺ አድርጎ ጌሙን ከሠራው ይጀምር።

ታዲያ መሃሉ የት ነው? ሁለት ሙከራዎች አሳያችኋለሁ።

አንደኛው ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ በግራይንዲንግ ጊር ጌምስ የተሠራና በ2013 የወጣ ነው። ጎልድ የሚባል ነገር አልነበረውም። መገበያያው ኦርብ ነው። ኬዮስ ኦርብ ብትይዙ ከሰው ዕቃ ልትገዙበት ትችላላችሁ፤ ወይም ደግሞ በራሳችሁ ሰይፍ ላይ ተጠቅማችሁ የሰይፉን ባሕርያት እንደ አዲስ ታስወጣላችሁ። ስትጠቀሙበት ይጠፋል። ገንዘቡ ራሱ የሚበላ ነገር ስለሆነ ከገበያው ይወጣል። በዚያ ላይ በየጥቂት ወሩ አዲስ ሊግ ይከፈትና ሁሉም ከባዶ ይጀምራል፤ የተጠራቀመው የዋጋ ግሽበት አይከተላችሁም። ለዓመታት ደግሞ ንግዱን ሆን ብለው አድካሚ አድርገውት ነበር። ለሻጩ መልእክት ትልካላችሁ፣ ከመለሰ ትገናኛላችሁ፣ ፊት ለፊት ትለዋወጣላችሁ። ብዙ ተጫዋች ይሳደብ ነበር። እኔ ግን ምክንያታቸው ትክክል ነው እላለሁ። ትንሽ ድካም ሲኖር ሰው ለዋና ዋና ነገር ብቻ ገበያ ይወጣል፤ የቀረውን ከጭራቅ ይፈልጋል። በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ ክልክል ነው፤ ሆኖም አልጠፋም።

ሁለተኛውን የበለጠ እወደዋለሁ። ላስት ኢፖክ የሚባለው ጌም በፌብሯሪ 2024 ሙሉ ሆኖ ሲወጣ ተጫዋቹን አስመረጠው። የነጋዴዎች ማኅበር ውስጥ ከገባችሁ ገበያው ላይ ትሸጣላችሁ፣ ትገዛላችሁ። ሰርክል ኦፍ ፎርቹን ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ መሸጥ አትችሉም፤ በምትኩ ግን ከጭራቅ የሚወድቅላችሁ ዕቃ ይበዛል፣ ይሻላል። ገበያ ላይ የገዛችሁትን ዕቃ መልሳችሁ መሸጥ አይቻልም። ስለዚህ በርካሽ ገዝቶ በውድ መሸጥ የለም። ቅድም ያየነው «አልገዛም» ያለው ልጅ እዚህ ቦታ አገኘ። የሚወድቅለት ዕቃ የተመጠነው ለእሱ ነው እንጂ ለሚሊዮን ሰው ገበያ አይደለም። ሁለት ዓይነት ተጫዋች እንዳለ አምኖ ለሁለቱም የየራሳቸውን ሒሳብ የሠራ ጌም ነው። ጎልድ በዶላር የሚሸጡ ሰዎች እዚያም አሉ፤ ግን የሚያደርሱት ጉዳት ግማሹን ቤት አይነካም።

እዚህ ኮድ የምትጽፉ፣ የራሳችሁን ጌም መሥራት የምታስቡ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሉት ያለው ጌም ከሆነ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ዕቃው በስንት ጭራቅ አንዴ ይውደቅ የሚለውን ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ዕቃው ከሰው ወደ ሰው መሄድ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ወስኑ። የሚችል ከሆነ በየት በኩል ከዓለሙ እንደሚወጣ ወስኑ፤ ይሰበራል? ይቀልጣል? ከሊጉ ጋር ያልቃል? ይሄን ሳትወስኑ ያወጣችሁት ቁጥር ሁሉ ኋላ ይፈርሳል። ደግሞ ሽያጩን ራሳችሁ ኮሚሽን የምትቀበሉበት አታድርጉት። ኮሚሽን የሚበላ ሠሪ፣ ጌሙ ገበያውን ሳይሆን ጭራቁን እንዲያስወድድ የሚያደርግበት ምክንያት አይኖረውም። ብሊዛርድ እሱን ለመተው ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል፤ ከብሊዛርድ ያነሰ ካዝና ያለው ደግሞ ላይተው ይችላል።

እኔ እዚህ ላይ ላቁም። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ። በተለይ አካውንት ወይም ዕቃ ሸጣችሁ የምታውቁ ካላችሁ መጀመሪያ እናንተን መስማት እፈልጋለሁ፤ በስንት እንደሸጣችሁ ብቻ ሳይሆን ከሸጣችሁ በኋላ ያንን ጌም እንደ በፊቱ መጫወት ቻላችሁ ወይ የሚለውን ጭምር።